ትርፍ ያልሆነው ትርፍ ጎማ

ቦንጋ ከተማ ዳገቱን እያቃሰተ የሚወጣው ባጃጅ ሦስት ጎማ አለው፤ አራተኛውን ለክፉ ቀን ይዞ ይዞራል። ጎኑን ያለ ድምፅ አልፎት የሚሄደው አዲሱ የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ አራት ጎማ አለው፤ አምስተኛ ግን የለውም። ባለ ሦስት እግሩን የሠሩት ሰዎች ጎማ መንገድ ላይ እንደሚተነፍስ፣ የተነፈሰበትም ሰው ራሱ እንደሚቀይረው አስበው ሠሩት። ባለ አራት እግሩን የሠሩት በቅርብ ስልክ የሚደወልለት ሰው አለ ብለው አሰቡ። ስልኩ የሚደወለው ከዴቻ ኮረብታ ወይም ከጨና ጫካ መሐል ሊሆን እንደሚችል ማንም አልነገራቸውም።

“መኪናዬ ስኮርታ ይያዝ ወይስ አይያዝ?” የሚለው ጥያቄ ከአሥር ዓመት በፊት ቢነሳ ያስቅ ነበር። ያኔ መኪና የሚገዛ ሰው ሞተሩን ያስነሳል፣ ኮፈኑን ያስከፍታል፣ ከዚያ የኋላውን ከፍቶ ምንጣፉን ይገልጣል። ስኮርታው፣ ክሪኩና የቡሎን መፍቻው በቦታቸው ካሉ ባለቤቱ መኪናውን በእንክብካቤ ይዞታል ማለት ነው፤ ከሌሉ ዋጋ ይቀነሳል። ዛሬ ምንጣፉ ሲገለጥ የሚገኘው አንድ ጠርሙስ ፈሳሽና የዳቦ ቁራሽ የምታህል የአየር መሙያ ናት። በአንዳንዱ መኪና እሷም የለችም።

ለውጡ ከፋብሪካ ብቻ የመጣ አይደለም፤ የእኛም ፖሊሲ እጁ አለበት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ የአሮጌ መኪኖችን ዋጋ ሰማይ ሰቀለው። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ የኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ ለፓርላማው ቋሚ ኮሚቴ ተናገሩ። የኤሌክትሪክ መኪኖቹ ደግሞ ቀደም ሲል ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነጻ ተደርገው ነበር። መንግሥት ዛሬ ቁጥራቸው ከ100 ሺህ እንዳለፈ ይናገራል። ውሳኔው ስለ ነዳጅና ስለ ውጭ ምንዛሪ ነበር፤ ስለ ጎማ አንድም ቃል አልተነገረበትም። ሆኖም ስኮርታ ያላቸው የቪትዝና የኮሮላ ዘሮች መግባታቸው ሲቆም፣ ስኮርታ የሌላቸው ሲጎርፉ፣ የአምስተኛው ጎማ ጉዳይ ሳይነሳ ተወሰነ።

በመንገዳችን ላይ “ዶልፊን” ሲባል ለዓመታት የምናውቀው ሕዝብ የሚያጓጉዘውን ሚኒባስ ነበር። አሁን ዶልፊን የምትባል ሌላ ትንሽ መኪና ከቻይና መጥታለች። ስም ተወርሷል፤ ስኮርታው ግን በውርሱ አልተካተተም።

የካፋዋ ቦንጋም በዚሁ ዘመን ተለውጣለች። መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ፣ ኅዳር 14 ቀን ደግሞ በይፋ፣ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ቦንጋ የአስተዳደር መቀመጫ ሆነች። ስብሰባ ያለበት ከተማ መኪና ይበዛበታል። ከሚዛን አማን፣ ከቴፒ፣ ከተርጫ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሠራተኛ፣ የቡና ነጋዴው፣ የቡና መገኛ ናት የምትባለውን ማኪራን አይቶ ካልሄደ እንቅልፍ የማይወስደው ጎብኚ፣ ሁሉም በጎማ ነው የሚመጣው። ከአዲስ አበባ ወደ 450 ኪሎ ሜትር ነው፤ በወልቂጤ አድርጎ የግቤን ሸለቆ ወርዶ ወጥቶ ጅማ፣ ከጅማ በሸቤ አድርጎ ደግሞ የጎጀብን ወርዶ ወጥቶ ቦንጋ።

ስለ ቃሉም ጥቂት ላንሳ። “ስኮርታ” ከጣሊያን የወረስነው ነው፤ እንደ ቸርኬ፣ እንደ ክሪክ፣ እንደ ካላማዳሪና እንደ ጎሚስታው ራሱ። በአገራችን ቃል ግን “ትርፍ ጎማ” እንላለን። “ትርፍ” በአማርኛ ብዙ ፊት ያለው ቃል ነው። ለነጋዴ ጥቅም ነው። ለትራፊክ ፖሊስ ከወንበር በላይ የተጫነ ሰው ነው። ለሌላው ደግሞ ባይኖርም የማይጎድል ነገር ነው። ፋብሪካው ቃሉን በሦስተኛው ትርጉም ይዞ ጎማውን ጣለው፤ በመጀመሪያው ትርጉም ደግሞ ያተረፈውን ኪሱ ከተተው። በካፋ መንገድ ላይ ሁለተኛው ትርጉም አለ፤ ትርፍ የጫነ መኪና ትርፍ ጎማ ያስፈልገዋል።

ስኮርታ ከመኪና ጋር አብሮ የተወለደ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ መኪኖች አልነበራቸውም፤ ጎማ የፈነዳበት ሰው መንገድ ዳር ተንበርክኮ አውልቆ፣ ለጥፎ፣ ነፍቶ ይመልሳል። እ.ኤ.አ. በ1904 በዌልስ ላኔሊ በምትባል ከተማ ቶማስና ዋልተር ዴቪስ የተባሉ ወንድማማቾች ከተነፈሰው ጎማ ላይ የሚታሰር ተጨማሪ ባለ ጎማ ቸርኬ መሸጥ ጀመሩ። ሱቃቸው በስቴፕኒ ጎዳና ስለነበር ዕቃውን ስቴፕኒ አሉት፤ በሕንድ እስከ ዛሬ የስኮርታ ስሙ ስቴፕኒ ነው። ስኮርታ የተፈጠረው መንገዱ ክፉ፣ ጥገናውም ሩቅ በነበረበት ዘመን ነው። ሁለቱ ምክንያቶች በጠፉበት አገር ስኮርታው ቢጠፋ አይገርምም። በትሪፕል ኤ ስም የሚታወቀው የአሜሪካ አሽከርካሪዎች ማኅበር የእ.ኤ.አ. 2015 ሞዴል መኪኖችን ቆጥሮ 36 በመቶዎቹ ያለ ስኮርታ እንደሚሸጡ አገኘ፤ በ2006 ይህ 5 በመቶ ብቻ ነበር። ማኅበሩ ይህን ሲያስታውቅ ደስ ብሎት አልነበረም። እንዲያም ሆኖ እዚያ ጎማ የተነፈሰበት ሰው ይደውላል፤ ማኅበሩም መኪና ይልካል።

ሕንድን ልብ ብላችሁ እዩ። እ.ኤ.አ. በ2020 የአገሪቱ የመንገድ ትራንስፖርት ሚኒስቴር ትናንሽ መኪኖች ስኮርታን እንዲተዉ ፈቀደ፤ ለኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ቦታ ማግኘት ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ነበር። ግን ፈቃዱ ቅድመ ሁኔታ አለው። ጎማው ካላማዳሪ የሌለው መሆን አለበት፣ መኪናው የጎማ አየር ሲቀንስ ለአሽከርካሪው የሚናገር መሣሪያ ሊኖረው ይገባል፣ የጥገና ዕቃም አብሮት መምጣት አለበት። ማለትም ስኮርታውን የወሰደ ሰው ምን እንደሚተካ በሕግ ተነግሮታል። እኛ አገር ስኮርታው ሄደ፤ በምትኩ ምን ይግባ የሚለው ለአስመጪው ፈቃድ ቀረ።

አሁን ወደ ካፋ መንገድ እንመለስ፤ የነገሩ ሥጋ ያለው እዚያ ነውና።

ጎማ የሚጎዳው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ሚስማር ነው፤ መሬት የሚረግጠውን የጎማውን ጥርስ ወግቶ ትንሽ ቀዳዳ ይተዋል። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ነጭ ፈሳሽ የተሠራው ለዚህ ነው፤ እስከ 6 ሚሊ ሜትር የሚሆን ቀዳዳ ይደፍናል። ውድ ጎማዎች ደግሞ ከውስጥ የተቀቡት ሙጫ አላቸው፤ እነሱም እስከ 5 ሚሊ ሜትር በራሳቸው ይደፍናሉ። ሚስማር የከተማ በሽታ ነው፤ ቆርቆሮ የሚመታበት፣ ሳንቃ የሚራገፍበት ሰፈር ያመጣዋል። ሁለተኛው ጉዳት መቆረጥ ነው። ስለታም ድንጋይ የጎማውን ጎን ይሰነጥቀዋል፤ ጎኑ ደግሞ ከሁሉም ስሱ ነው። የአስፋልት ቀዳዳ ጠርዝም ይህንኑ ያደርጋል፤ ጎማውን ከቸርኬው ጋር ቆንጥጦ ይቆርጠዋል። ለተሰነጠቀ ጎን ፈሳሹም፣ ሙጫውም፣ ባለ ሙጫው መድፈኛ ክርም አይሠሩም።

ከቦንጋ ወደ ጭሪ፣ ወደ አዲዮ ካካ፣ ወደ ጌሻ ወይም ወደ ሳይለም ስትወጡ የምታገኙት ጠጠር በማሽን የተፈጨና በግሬደር የተጋፈ ነው፤ የወንዝ ጠጠር ለዘመናት ተንከባልሎ ለስልሷል፣ የተፈጨው ግን ስለቱን ገና አልጣለም። ዝናብ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። እርጥብ ጎማ ከደረቅ ይልቅ በቀላሉ ይቆረጣል፤ ውሃው ለስለቱ እንደ ቅባት ያገለግለዋል። የካፋ ሰማይ ደግሞ የሌላው አገር ክረምት ሲወጣ የሚጠራ አይደለም፤ ከዓመቱ ወራት በአብዛኞቹ ይዘንባል። ደኑም፣ ቡናውም፣ እንሰቱም፣ የውሽውሽ ሻይም ከዚሁ ዝናብ የመጡ ናቸው። ስለዚህ ፋብሪካው ስኮርታውን የተካበት ዕቃ የተሠራው ለአንድ ዓይነት ጉዳት ነው፤ የካፋ መንገድ በብዛት የሚያደርሰው ሌላውን ነው።

ይህን በቃል ብቻ አይደለም የማውቀው። አንድ ጊዜ በወዳጄ አዲስ መኪና ከቦንጋ ወደ ጭሪ ስንሄድ የኋላው ቀኝ ጎማ ጎኑን ተቀደደ። ጠርሙሱን አውጥተን መመሪያውን እያነበብን ጨመርነው፤ ነጩ አረፋ በስንጥቁ እየተንፎለፎለ ጭቃው ላይ ፈሰሰ። ክሪክ የለም። መፍቻም የለም። መኪናው ጎማ እንደማይቀይር የተወሰነለት ስለሆነ መቀየሪያም አልተሰጠውም። አንድ ኢሱዙ ቆመና ረዳቱ የራሱን ክሪክ አወጣ፤ ስኮርታ ሊያውሰን ግን አልቻለም፤ የኢሱዙ ጎማ ለኛ የቤት ምሰሶ እንደማለት ነው። ጎማችን በሞተር ሳይክል ወደ ቦንጋ ሄደ፤ እኔም ከኋላው ተፈናጠጥኩ። ጎሚስታው አገላብጦ አየው።

“ጋሼ፣ ይሄ ቀዳዳ አይደለም፤ ቁስል ነው” አለኝ። ቀጥሎም ከቸርኬው ሲፈታው የውስጡን ፈሳሽ አይቶ፣ “ይሄን ወተት ደግሞ ማን ጨመረበት?” አለ። ወተቱን አጥቦ፣ ከአሮጌ ጎማ የቆረጠውን ቁራሽ በስንጥቁ ላይ ከውስጥ አስደግፎ፣ የሌላ መኪና ካላማዳሪ ከተተበት። ተመልሰን ስንገጥመው መሽቶ ነበር። በካፋ ደን አንበሳ እንዳለ በፎቶ ጭምር ተረጋግጧል፤ በዚያ ጨለማ ቡሎን ስፈልግ ይህን ማወቄ የጠቀመኝ ነገር አልነበረም።

ከዚህ ታሪክ የማወጣው ስሌት እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ቦሌ ላይ ጎማ የተነፈሰበት ሰው የሚያጣው አንድ ሰዓትና ጥቂት ብር ነው። ጭሪ መንገድ ላይ የተነፈሰበት ሰው የሚያጣው ቀኑን፣ የሞተር ሳይክል ኪራዩን፣ ምናልባትም የአልጋ ኪራይ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሄደበትን ጉዳይ ነው። የታመመ ሰው ጭኖ ከሆነ የሚያጣውን መናገር አያስፈልግም። ጎማ የመተንፈስ ዕድሉ በሁለቱም ቦታ እኩል ቢሆን እንኳ ዋጋው እኩል አይደለም። መኪናው የተሠራበት አገር መሐንዲስ ያሰላው የመጀመሪያውን ዋጋ ነው፤ የሁለተኛው ዋጋ ከፋይ እኛ ነን።

የስኮርታ ተቃዋሚዎች የሚሉትም መሰማት አለበት። መጀመሪያ የሚያነሱት ክብደት ነው። አንድ መካከለኛ ጎማ ከነቸርኬው ወደ 20 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ከነተሳፋሪው ሁለት ቶን ለሚጠጋ መኪና ይህ አንድ በመቶ ነው። ከባትሪው የሚበላውም ቢሆን በጉዞ ላይ የማይታወቅ ነው። ከቦንጋ ማር ሳይገዛ የሚመለስ እንግዳ አላየሁም። 20 ሊትር የሚይዝ ጄሪካን በማር ሲሞላ 28 ኪሎ ግራም ግድም ይሆናል። ለማሩ ቦታ ያገኘ ሰው ለስኮርታው ቦታ የለኝም ሲል ልሰማው እቸገራለሁ።

ሁለተኛው ክርክር ቦታ ነው፤ ይህ እውነት አለው። እንደ ቮልስዋገን አይዲ 4 ያሉ መኪኖች ሞተራቸው ከኋላ ስለሆነ ስኮርታ የሚተኛበት ጉድጓድ አልተቀረጸላቸውም። ስኮርታ ይያዝ ከተባለ ዕቃ መጫኛው ላይ ተጋድሞ፣ በገመድ ታስሮ ነው። ያልታሰረ ጎማ በአደጋ ጊዜ ከኋላ የሚወረወር ድንጋይ ነውና ማሰሩ ግዴታ ነው። ፖርቶ መጋላ ላይ መጫንም ይቻላል፤ ግን በከፍታ ያለ ክብደትና ነፋስ ለኤሌክትሪክ መኪና ጥሩ አይደለም፤ ሌባም ያያል።

ሦስተኛው፣ እኔ ከሁሉ የማከብረው ክርክር፣ “የትኛው ስኮርታ?” የሚለው ነው። አይዲ 4ን እንደገና እንውሰድ። በብዙዎቹ ላይ የፊቱ ጎማ 235/55 አር 19፣ የኋላው 255/50 አር 19 ነው። ባጃጅ ሦስቱም ጎማው አንድ ልክ ነው፤ አንድ ስኮርታ ለሁሉም ይሆናል። አይዲ 4 ግን የፊት ጎማ ወደ ኋላ የማይሄድበት መኪና ነው። ታዲያ ሁለት ስኮርታ ይያዝ? አይደለም። ቁጥሮቹን ብታሰሉ የፊቱ ቁመት 741 ሚሊ ሜትር፣ የኋላው 738 ሚሊ ሜትር ግድም ነው፤ ልዩነቱ አራት ሚሊ ሜትር አይሞላም። ስለዚህ የፊቱን ልክ ይዞ፣ የኋላው ቢቆረጥ እንኳ ቀስ ብሎ እስከ ቅርቡ ጎሚስታ መድረስ ይቻላል። ዘለቄታ የለውም፤ ለመድረስ ግን ይበቃል።

ከሌላ መኪና ጎማ ለምኖ እገጥማለሁ የሚል ካለ ደግሞ ይህን ይወቅ። በዓይን አንድ የሚመስሉ ባለ አምስት ቡሎን ቸርኬዎች አንድ አይደሉም። የብዙ ቶዮታዎች ቡሎን የሚያርፍበት ክብ ስፋቱ 114.3 ሚሊ ሜትር ሲሆን የቮልስዋገኖቹ 112 ነው። በሁለት ሚሊ ሜትር ምክንያት ደግ ጎረቤት ደግነቱ አይጠቅማችሁም። ደግሞም የኤሌክትሪክ መኪና በባትሪው ምክንያት ከመሰሎቹ ይከብዳል፤ ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው የሸክም ቁጥር ዝቅ ያለ ጎማ ቢገጥም እንኳ አይሸከመውም።

ቀጭኗና ጊዜያዊዋ ስኮርታስ? የድሮዎቹ ጃፓን ሠራሽ ትናንሽ መኪኖች ይዘዋት ይመጡ የነበረችው ማለቴ ነው። እሷ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳትሮጥ፣ በርቀትም ብዙውን ጊዜ ወደ 80 ኪሎ ሜትር ብቻ እንድትሄድ የተሠራች ናት። ከቦንጋ ጅማ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ወደ ጅማ ሳይሆን ወደ ኋላ ወደ ቦንጋ ለመመለስ ትሆናለች፤ በጠጠር ላይ ግን ቀጭን ጎማ ሁለተኛ ቀዳዳ ፈላጊ ነው። ከተቻለ ሙሉ ልክ ያለውን መያዝ ይሻላል።

ዋጋውን መሸሽ አይቻልም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ሁሉ ተወዷል፤ ጎማም ቸርኬም ከውጭ የሚገቡ ናቸው። ባለ 19 ኢንች ጎማ ከነቸርኬው ለአንድ የወረዳ ሠራተኛ ቀላል ግዢ አይደለም። ለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ከእድር የተቀዳ ነው። እድር ድንኳንና ትልቅ ድስት ያለው እያንዳንዱ አባል በየቤቱ ድንኳን መግዛት ስለማይችል፣ ሁሉም በአንድ ቀን ስለማያስፈልገው ነው። ቦንጋ ውስጥ አንድ ዓይነት መኪና ያላቸው አምስት ስድስት ሰዎች ተዋጥተው አንድ ሙሉ ጎማ ከነክሪኩ ቢገዙ፣ ከአስፋልት የሚወጣው ሰው ወስዶ ሲመለስ ቢያስረክብ፣ የእያንዳንዱ ወጪ የአንድ ጎማ ሩብ እንኳ አይሆንም። ጉድለቱ ሁለት ሰዎች በአንድ ቀን ከወጡ ነው። እሱንም ቀጠሮ በማስያዝ ይፈቱታል፤ እድርተኛ መጨቃጨቅ አያቅተውም።

እንግዲህ ማን ይያዝ፣ ማን ይተው? ከቢሮ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ገበያ ብቻ የሚመላለስ የቦንጋ ነዋሪ ያለ ስኮርታ መኖር ይችላል፤ መድፈኛ ክርና የአየር መሙያ ይበቁታል፣ ጎሚስታው በእግር መንገድ ላይ ነውና። በቀን ብርሃን በአስፋልት ብቻ ጅማ ደርሶ የሚመለስም ቢደፍር አልፈርድበትም፤ መኪና የሚያልፍበት መንገድ ነው። እኔ ግን አልደፍርም። ከአስፋልት ለሚወጣ፣ ማታ ለሚነዳ፣ በዝናብ ለሚጓዝ፣ ቤተሰብ ለሚጭን ክርክር የለም፤ ይያዝ። የመሥሪያ ቤት መኪና ከሆነ ደግሞ ሠራተኛን ያለ ስኮርታ ወደ ጠሎ ወይም ወደ ጨታ መላክ ያለ ስንቅ እንደመላክ ነው። በጥንቱ ዘመን ቦንጋ የሲራራ ነጋዴ መዳረሻ ነበረች፤ የካፋ ነገሥታት አገራቸውን በጥልቅ ቦይና በደን አጥረው የሚጠብቁ ስለነበሩ ማንም ሳይዘጋጅ አይገባባትም ነበር። ቦዮቹ ተደፍነዋል። መንገዱ ግን ያልተዘጋጀን ሰው ዛሬም ያስከፍላል።

ስኮርታ መያዝ ብቻውን አይበቃም። ያየሁት ትልቁ ችግር የሌለው ስኮርታ ሳይሆን ያለው ነው። ሰው ከሦስት ዓመት በኋላ ሲያወጣው አየሩ አልቆ ይገኛል። ወይም ጥርሱ ስላለቀ ከፊት ወርዶ “ለስኮርታ ይሆናል” የተባለ ጎማ ነው፤ እሱ ከተኛበት ቢቀር ይሻል ነበር። ጎማ ሳይነካም ያረጃል። ጎኑ ላይ ከተጻፉት የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች ዕድሜው ይታወቃል፤ 2319 ካለ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ስድስት ዓመት ካለፈው ጎሚስታ ይየው፣ አሥር ካለፈው ይጣል።

ክሪኩም እንዲሁ ነው። የካፋ ቀይ አፈር ሲረጥብ ክሪክ ይውጣል፤ መኪናው ሳይነሳ ክሪኩ ይወርዳል። አንድ ጠንካራ የጣውላ ቁራጭ ከሥሩ ማድረግ፣ በተቃራኒው ጎማ ደግሞ ታኮ ማድረግ ያስፈልጋል። የኤሌክትሪክ መኪና ሆዱ ባትሪ ስለሆነ ክሪክ ባገኙበት ቦታ አይደገፍበትም፤ በበሮቹ ሥር ጠርዝ ላይ ለክሪክ የተዘጋጁ አራት ቦታዎች አሉ፣ ከቤት ሳትወጡ ፈልጓቸው። ልዩ መፍቻ የሚፈልግ የሌባ መከላከያ ቡሎን ካለውም መፍቻው የት እንዳለ ዛሬውኑ ይታወቅ። ቀድሞ መጥኖ መደቆስ የሚባለው ለሽሮ ብቻ አይደለም።

አንድ ነገር ከመንግሥት እጠብቃለሁ። የኤሌክትሪክ መኪና ፖሊሲው ስለ ቻርጅ ማድረጊያ ብዙ ያወራል፤ ተገቢ ነው። ግን መኪና ለመቆም ባትሪ እስኪያልቅ አይጠብቅም። ሕንድ እንዳደረገችው ስኮርታ የሌለው መኪና የጎማ አየር ጠቋሚና የጥገና ዕቃ ይኑረው ማለት ለገቢዎችም ለትራንስፖርት ሚኒስቴርም ወጪ የለውም፤ አንድ መስመር ጽሑፍ ነው። አስመጪዎችም ቢሆኑ ለገዢ ሊናገሩ የሚገባቸውን አልተናገሩም። “ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?” ተብለው ሲጠየቁ ቁጥሩን በኩራት ይናገራሉ፤ “ቢተነፍስስ?” የሚላቸው ስለሌለ ዝም ይላሉ። ገዢዎች ይህን ጥያቄ ቁልፍ ከመቀበላቸው በፊት ይጠይቁ፤ በመሸጫው ዋጋ ውስጥ አንድ ጎማና ክሪክ እንዲጨመር መደራደርም ይቻላል። መኪናውን ከወሰዱ በኋላ ሻጩ ስልኩን ቢያነሳ እንኳ ጎማው አይመጣም።

በዚህ ወር ወደ ቦንጋ የምትወጡ ካላችሁ ጅማ ላይ ከማደራችሁ በፊት ያንን የኋላ ምንጣፍ ግለጡት። ጎማ ካለ አየሩን አስለኩ፤ ከሌለ ጅማ ላይ ፈልጉ፣ ከቦንጋ ይልቅ ምርጫ አላት። ከሸቤ ወዲያ መንገዱ ወደ ጎጀብ ይወርዳል።